የተጋጨው ቅጂ

ፋይሉ ተከፈተ። ውስጡ ያለው ግን ሌላ ሰርግ ነበር።

መሕቡባ ዓይኗን ማመን አቃታት። ስሙ ያው ነው፤ «እንሴኖ ሰርግ፣ ድሮን»። የሰየመችውም ራሷ ናት። ከሰማይ የተቀረጸ ግቢ፣ ዳስና የእንሰት ጓሮ መታየት ነበረበት። ላፕቶፑ ላይ የሚታዩት ግን አዳራሽ ውስጥ ኬክ የሚቆርሱ ሙሽሮች ናቸው። ሙሽራው ሲያጎርስ የሙሽሪትን አፍንጫ በክሬም ቀባው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

በፖሊስ ጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን የሳቀ አልነበረም።

«ይኼ ነው?» አለ ኢንስፔክተር ሸዋንግዛው።

«አይደለም። ስሙ እሱ ነው፤ ውስጡ ግን አይደለም።»

«ስሙን እንደያዘ ውስጡ የተቀየረ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ፋይል ሲቀየር ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።» ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «ማን ቀየረው?»

መሕቡባ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የወንድሟ የዑመይር ነፍስ በዚህ ፋይል ላይ ተንጠልጥላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአረፋ ሰሞን አዲስ አበባ ያለው የመስቃን ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል። ያልተጋባ ይጋባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ በሬም ወዮለት። ከእንሴኖ ወጣ ብሎ ባለ መንደርም እንዲሁ ሰርግ ተደግሶ ነበር። ክትፎው ሊቀርብ ሲል አንዲት ሴት ለማቅረቢያ የእንሰት ቅጠል ልትቆርጥ ከዳሱ ጀርባ ዞረች። ጩኸቷ ጭፈራውን ጸጥ አደረገው። ኡበይድ የሚባለው ባለባጃጅ እንሰቱ ሥር ወድቆ ነበር። ግንባሩ ላይ በስለት የተተለተለ የሚመስል ቁስል አለ። ደሙ ፈሶ አልቆ ሞቷል።

በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ ስለት ይዞ የዋለው ዑመይር ነው። በሬውን ያረደው እሱ ነው። እሱም ባለባጃጅ ነው፤ በዚያው ጠዋት መናኸሪያው ላይ ከኡበይድ ጋር በመጫኛ ተራ ተጣልተው «እጄ ላይ እንዳትወድቅ!» ሲል መናኸሪያው ሁሉ ሰምቷል። ሸሚዙም ደም ነክቶታል። የበሬ ደም ነው ቢል ማን ይስማው? የደሙ ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ መልሱ አልመጣም። ዑመይር ታስሯል።

የድሮኗን ወሬ ለኢንስፔክተሩ የነገሩት የሙሽሪት አጎት አብዱልሃፊዝ ናቸው። «ከላያችን ስትዞር የዋለች ትልቅ ዝንብ ነበረች፤ ምናልባት አይታ ይሆናል» አሉት። ትናንት ከሰዓት ኢንስፔክተሩ ሰርጉን ወደ ቀረጸው ስቱዲዮ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው መሕቡባ ናት፤ የስቱዲዮው ኤዲተር። ፋይሉ እንዳለ ነገረችው። ጠዋት ይዣለሁ ብላ ቃል ገባች። ይዛም መጣች።

«የተቀየረበትን ታሪክ ማየት አይቻልም?» ሲል ጠየቀ ኢንስፔክተሩ።

ይቻላል። መሕቡባ ከፈተችው። የተቀየረው ትናንት ማታ ነው። የቀድሞዎቹ ቅጂዎች በሙሉ ተሰርዘዋል። የቀየረው ማን ነው ለሚለው መልሱ በግልጽ ተጽፏል። መሕቡባ። የሰረዘውስ? መሕቡባ።

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ አየ። መነጽሩን አድርጎ ደግሞ አየ።

«እኔ የማነበው ያንቺን ስም ነው፣ እህቴ።»

«አካውንቱ በኔ ስም ስለተከፈተ ነው! ስቀጠር ጋሽ ሙዝደሊፋ በስምሽ ክፈቺ አሉኝ፣ ከፈትኩ። ሁላችንም የምንገባው በሱ ነው።»

«ሁላችሁም ማለት እነማን?»

«እኔ፣ ጋሽ ሙዝደሊፋ፣ ወልቂጤ ቅርንጫፍ ያለው አምሀ። ፎልደሩ የጋራ ነው። እዚህ ያስገባሁት እዚያ ይታያል። አንዱ ጋ ሲቀየር ሁሉም ጋ ይቀየራል።»

«ፓስወርዱንስ ማን ያውቃል?»

መሕቡባ አንገቷን ደፋች። «ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።»

«ቤታችሁን ቆልፋችሁ ቁልፉን በሩ ላይ ትሰቅላላችሁ ማለት ነው።» ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «እንግዲህ እኔ የማየውን ልንገርሽ። ወንድምሽ ታስሯል። ቪዲዮ አምጪ አልኩሽ። ማታ ከፍተሽ አየሽው። ያየሽው አላማረሽም። በላዩ ላይ ሌላ ጫንሽበት።»

«ወላሂ አላየሁትም! በአረፋ ሰሞን በቀን ስንት ሰርግ ይገባል? ሚሞሪውን ከካሜራ አውጥቼ እገለብጣለሁ፣ ሚሞሪውን አጽድቼ ለሚቀጥለው ሰርግ እመልሳለሁ። ማን ቁጭ ብሎ ያያል?»

«እንግዲያው ፋይሉ እስኪገኝ ከዚህ ግቢ አትወጪም። ስልክሽን አስቀምጪ።»

አስቀመጠች። ክፍሉ የበለጠ የጠበበ መሰላት። የገዛ ስሟ እንደ ገመድ ተጠምጥሞባታል፤ በፈታችው ቁጥር ይጠብቃል።

ከሁሉ የከፋው ግን ለኢንስፔክተሩ ያልነገረችው ነው። በሰርጉ ማታ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ዑመይር ቤታቸው ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን ሲፈትግ አይታዋለች። ስታየው ደንገጥ ብሎ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ለእናቷም እንኳ። ፋይሉ ካልተገኘ ወንጀለኛዋ እሷ ናት። ቢገኝስ? ቢገኝና ወንድሟ ስለቱን ይዞ ወደ እንሰቱ ሲሄድ ቢታይስ? ፈራች። መጥፋቱንም፣ መገኘቱንም እኩል ፈራች።

በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ ዓለይኩም።» የስቱዲዮው ባለቤት ሙዝደሊፋ ነው። በእጁ ባለሁለት ድርብ ምሳ ዕቃ ይዟል። ዑመይር ከታሰረ ጀምሮ ምሳ ያመላለሰለት እሱ ነው። ዘመድ የተባለው ሁሉ ሲሸሽ እሱ አልሸሸም፤ መሕቡባም በዱዓዋ ሳታነሳው ውላ አታውቅም።

ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ኢንስፔክተር፣ ይኼ እኛ ጋ የተለመደ ነው። ፋይል የምናስቀምጥበት ክላውድ ይጋጫል። ባለፈው የአንዱን ሙሽራ በአንዱ ላይ ጭኖብን ሽማግሌ ልከን ነው የታረቅነው። ማሽን ነው የበላው። እሷን ተዋት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብታደርገውስ ምን ይፈረድባታል? ወንድም ነው። ማን ይጨክናል?»

መከላከያው ከክሱ ባሰ።

ኢንስፔክተሩ ግን ላፕቶፑ ላይ ኬኩን እያየ ነበር። «ይኼ አዳራሽ የት ነው?»

«ወልቂጤ» አለች መሕቡባ። «አምሀ የቀረጸው ሰርግ ነው።»

«አምሀን ጥሩልኝ።»

በሙዝደሊፋ ስልክ ተደወለ። ድምፅ ማጉያው በርቷል። የአምሀ ድምፅ የተኛ ሰው ይመስላል።

«አምሀ፣ ኢንስፔክተር ሸዋንግዛው ነኝ። ትናንት ማታ ከኮምፒውተርህ ፋይል ቀይረሃል?»

«ኮምፒውተር? የምን ኮምፒውተር ጌታዬ? ከእንሴኖው ሰርግ ማግስት ጀምሮ እኮ መብራት የለም። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል። ሱቄ በጨለማ ተዘግቶ ቁጭ ብያለሁ። ይኸው ስልኬም ሊሞት ነው፤ ጸጉር ቤት ሄጄ እንዳልሞላው ጸጉር ቤቱም ጨለማ።»

ሙዝደሊፋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «አምሀ፣ ስማኝማ። አሁኑኑ ጄኔሬተር ተከራይና ሥራህን ጀምር። ሙሽሮቹ መቀመጫ ነሱኝ።»

«ጄኔሬተር? እሺ ጋሼ፣ ደስ ይለኛ…» ስልኩ ተቋረጠ።

«እንግዲህ አምሀ አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ መሕቡባ ዞሮ። ሙዝደሊፋ ምሳውን ለዑመይር ላድርስ ብሎ ወጣ።

መሕቡባ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ኢንስፔክተር፣ ያ ኮምፒውተር ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ ጠፍቷል።»

«ሰማሁ።»

«ፋይሉን ያስገባሁት በሰርጉ ማግስት ጠዋት ነው። መብራቱ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ወልቂጤ ደርሷል። የተቀየረው ደግሞ ትናንት ነው። ያኛው ኮምፒውተር መቀየሩን አልሰማም። እውነተኛው ቪዲዮ ውስጡ አለ!»

ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ተገኘ በይኛ!»

«አልተገኘም። በርቶ ኢንተርኔት ካገኘ የኬኩን ቪዲዮ ያወርድና በላዩ ይጭንበታል። ጋሽ ሙዝደሊፋ ደግሞ ጄኔሬተር ተከራይ አሉት።» ድምጿን ቀነሰች። «ባለፈው መብራት ሲጠፋ ሳምንት ሙሉ እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል። ቤንዚን ሲባል ጨጓራቸው የሚነሳ ሰው ናቸው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ በሩ አየ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» አለ ቀስ ብሎ። «ፓስወርዱን ቀይሪውና ኮምፒውተሩ እንዳይገባ አድርጊው።»

«ለመቀየር ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ የሚመጣው በጋሽ ሙዝደሊፋ ስልክ ነው።»

«ስሙ ያንቺ፣ ቁልፉ የሱ።»

«አዎ። ከጠየቅናቸው ይነቃሉ።»

ወደ አምሀ ተደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።» ኢንስፔክተሩ ወልቂጤ ያለ አንድ የሚያውቀው ሰው ጋ ደወለ፤ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ፤ አልተነሳም። የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሳ።

ግቢው ውስጥ ሙዝደሊፋ ጠበቃቸው። «ወልቂጤ? እኔም እሄዳለሁ እንጂ! የራሴ ሱቅ አይደል?»

«እንዲያውም ደስ ይለኛል» አለ ኢንስፔክተሩ፣ የኋላውን በር እየከፈተለት።

መሕቡባ በፒክአፑ የኋላ ወንበር ላይ በኮንስታብል ሽባባውና በሙዝደሊፋ መካከል ተጨመቀች። መኪናው ተራራውን እየተጠማዘዘ ወጣ። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። የትም መውጫ የለም፤ በቀኝ ፖሊስ፣ በግራ አለቃዋ፣ ፊት ለፊት ጭጋግ።

ቸሃ ሲገቡ ጭጋጉ ገለጥ አለና የእንሰት ጓሮዎች ታዩ። ድሮ ስታያቸው ደስ ይላት ነበር። አሁን ማየቱን ጠላች። ያ ሁሉ ቅጠል ከጀርባው ምን እንደደበቀ ማን ያውቃል?

ዕድሜ ልኳን መብራት ይምጣ ብላ የለመነች ሰው ናት። መሕቡባ ዛሬ ዓይኗን ጨፍና የምትለምነው ሌላ ነው። ያ ረቢ፣ መብራት አይምጣ። ጄኔሬተር ያለው ሰው ሁሉ ለሌላ ያከራይ። ቤንዚን ከከተማው ይጥፋ። አንድ ቀን ብቻ፣ ለዛሬ ብቻ።

ሙዝደሊፋ ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ሰጣት። ሳትወድ ተቀበለች። ኢንስፔክተሩ በስልክ ሲነጋገር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«መሕቡባ፣ ፋይሉ ቢገኝ ማንን ይጠቅማል?»

«ዑመይርን።»

«ኢንሻአላህ። ግን ከሆነ ነዋ።» ድምፁ የአባት ድምፅ ነው። «እሱ ቢታይበትስ? እኔ እኮ ለሱ ፈርቼ ነው። ጠፍቶ ይቅር። ማሽን በላው ይባላል። ላንቺም ለሱም ጥሩ ጠበቃ እቀጥራለሁ። ቤተሰቤ አይደላችሁ?»

የቧንቧው ውሃ፣ የሚፈተገው ሸሚዝ ፊቷ ላይ ድቅን አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ መሕቡባ ለጥቂት እሺ ልትለው ነበር። ተዉ፣ መኪናውን መልሱ፣ እኔ ነኝ የሰረዝኩት ልትል ነበር። ብስኩቱ እጇ ውስጥ ደቀቀ።

«ዑመይርን እመኚ ብዬ ራሴን አስተምሬ አላውቅም» አለች በመጨረሻ፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ። «ዛሬ ልማር።»

ሙዝደሊፋ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጉብሬ ሲደርሱ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አምፖል በርቶ አየች። ወልቂጤ ሲገቡ ግን ጸጉር ቤቶቹ ጨለማ ናቸው፤ ወፍጮ ቤቱ ዝም ብሏል። መብራት አልመጣም። አልሐምዱሊላህ ልትል አፏን ከፈተች።

ያኔ ሰማችው። ዱ-ዱ-ዱ-ዱ።

ጄኔሬተሩ ከስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ቆሞ ጭሱን ይተፋል። አምሀ በሩ ላይ ተደግፎ ፈገግ ብሏል። ፈዛዛ ግን ክፋት የሌለው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ባሉኝ መሠረት!» አለ ኩራት በተሞላ ድምፅ።

መሕቡባ መኪናው በደንብ ሳይቆም ዘላ ወርዳ ነበር። ኮምፒውተሩ በርቷል። ዋይፋዩም በርቷል። ከስክሪኑ ጥግ ያለችው የደመና ምልክት መዞሯን ጨርሳ አረንጓዴ ሆናለች። ሁሉም ነገር ወርዷል ማለት ነው። ሁሉም ነገር ተተክቷል።

«እንሴኖ ሰርግ፣ ድሮን»ን ከፈተች። ሙሽራው ኬኩን አጎረሰ። አፍንጫዋን ቀባ። አዳራሹ ሳቀ።

ወንበሩ ላይ ተዘረጋች። ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ከኋላቸው ሙዝደሊፋ «ኢና ሊላሂ» ሲል ተነፈሰ። «አላልኳችሁም? ማሽን ነው።»

የማልቀስ አቅም እንኳ አልነበራትም። እንዲሁ በደመነፍስ ፎልደሩን ወደ ታች ጎተተችው። እጇ ቆመ።

ከታች ሌላ ፋይል አለ። ስሙ ያው ነው። ከስሙ ኋላ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጅራት ተቀጥሎበታል፤ የተጋጨ ቅጂ ይላል።

«አምሀ» አለች። «የድሮኑን ፋይል ነካክተኸዋል?»

አምሀ ወደ ጣሪያው አየ። ይህ ልጅ ዋናውን ፋይል አትንካ፣ ቅጂ አውጣና በቅጂው ሥራ እየተባለ ስንቴ ተመክሯል። ስንቴ ተቆጥታዋለች።

«መብራት ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ… ለቲክቶክ ፈልጌው ነበር። እንሰቱ ከላይ ሲታይ ስለሚያምር። ትንሽ ቀለም ቀባሁትና ሴቭ አልኩት። መጀመሪያውን ብቻ ነው ያየሁት፣ መጨረሻውን አላየሁትም። ማሪኝ፣ ሁለተኛ አልነካም።»

መሕቡባ ሳቀችም አለቀሰችም። «ንካ! ዕድሜ ልክህን ንካ!»

«ለኔም አስረዱኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እዚያ የተቀየረ አለ፣ እዚህም የተቀየረ አለ። ሁለቱም ወገን የኔ ነው ሲል ማሽኑ መፍረድ ይፈራል። አንዱን አይጥልም። ሁለቱንም ያስቀምጣል። አምሀ ባይነካካው ኖሮ ተውጦ ነበር።»

«ክፈቺው እንግዲህ።»

ጣቷ ማውሱ ላይ አረፈ። አንድ ጊዜ ከተከፈተ መመለስ የለም። ወንድሟ ይወጣል፣ ወይም አይወጣም። ቢስሚላህ አለች።

ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ።

ስክሪኑ ጠፋ። መስኮት የሌለው ሱቅ በቀን ጨለመ። በጨለማው ውስጥ የኢንስፔክተሩ ድምፅ መጣ።

«ሙዝደሊፋስ?»

ከውጭ የሽባባው ጩኸት መለሰለት። «ኢንስፔክተር፣ ይምጡ!»

ሙዝደሊፋ ጄኔሬተሩ ላይ አጎንብሷል። እጁ ማጥፊያው ላይ ነው። ቀና ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቤንዚን ጨረሰ መሰለኝ። ላየው ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሩ የቤንዚን ጋኑን ክዳን ፈትቶ አየ። ቤንዚኑ እስከ አፉ ሞልቷል። ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

«ቤንዚኑ አላለቀም፣ ጋሽ ሙዝደሊፋ። ያለቀው ሌላ ነገር ነው። ይግቡ፣ አብረን እንየው።»

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኮምፒውተሩ በርቶ እስኪከፈት ድረስ አምስቱም በአንዲት ክፍል ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ሽባባው በሩን ዘግቶ ተደገፈበት።

ቪዲዮው ጀመረ። አምሀ የቀባው ቀለም ነገሩን ሁሉ የማር መልክ ሰጥቶታል። ከላይ ዳሱ ታየ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። ከዳሱ በስተቀኝ የተጋደመ በሬ አለ። ሦስት ሰዎች ከበውታል። አንዱ ቆዳውን እየገፈፈ ቀና ብሎ በክንዱ ላቡን ጠረገ።

ዑመይር ነው።

ድሮኗ አለፈችው። ሳትቋረጥ፣ በአንድ ቀረጻ፣ ወደ ዳሱ ጀርባ ዞረች። እንሰቱ ሥር አንድ ሰው ስልክ እያወራ ቆሟል። ኡበይድ ነው። የድሮኗን ድምፅ ሰምቶ ይመስላል ቀና አለ። ሰው ሁሉ ድሮን ሲያይ እንደሚያደርገው እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበላት። ጥርሱ ታየ።

ከዚያ ምስሉ ተንቀጠቀጠ። አንድ የእንሰት ቅጠል ተሰነጠቀ። ሰማይና መሬት ተቀላቀሉ። የኡበይድ ፊት ስክሪኑን ሞላው። ጠፋ።

ድሮኗ ወድቃ በጎኗ ተኝታም መቅረጿን አላቆመችም። ሣር ይታያል፤ ድንጋይ ይታያል፤ ከድንጋዩ አጠገብ የሰው እጅ። እጁ ይንቀሳቀሳል።

«ሕያው ነው» አለ አምሀ በሹክሹክታ።

ጫማ መጣ። ሰውየው ድሮኗን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ፊቱ ታየ። ሙዝደሊፋ ነው። የወደቀውን ሰው አየ። ወደ ግራ ተመለከተ፤ ወደ ቀኝ ተመለከተ። መሬት ላይ ያለው እጅ ተዘረጋና የሱሪውን ጫፍ ያዘ። ድሮን ድምፅ አይቀዳም። ኡበይድ ምን እንዳለው ማንም አይሰማም። ሙዝደሊፋ ቁጢጥ አለ። የሰውየውን ጣቶች አንድ በአንድ ከሱሪው ላይ አላቀቀ። ከዚያ መዳፉ ካሜራውን ሸፈነውና ጨለመ።

አራቱም ወደ ሙዝደሊፋ ዞሩ።

«ድሮኗ ፈቃድ የላትም» አለ ሙዝደሊፋ። ማንም አልጠየቀውም። «ከእጄ አመለጠች። ክንፏ ነው የቆረጠው፣ ወድቆም ድንጋዩ መታው። ሰው ብጠራ ድሮኗ ትያዛለች፣ ሱቁ ይዘጋል፣ እታሰራለሁ ብዬ… አንዱ ያገኘዋል ብዬ ነበር። ወላሂ ያገኙታል ብዬ ነበር።»

«አገኙት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ደሙ ካለቀ በኋላ። ሚሞሪውን ለምን ሰጠሃት ታዲያ?» አንቱታው ቀርቷል።

«ስትወድቅ መቅረጿን ያቆመች መሰለኝ። አንተ ከደወልክ በኋላ ማታ በስልኬ ከፍቼ አየሁት። ባጠፋው ጎድሎ ይታወቃል። በላዩ ሌላ ስጭንበት ግን እንደ ሁልጊዜው ተጋጨ ይባላል ብዬ…»

«ካልተባለም የሷ ስም አለበት።»

መሕቡባ ሙዝደሊፋን አየችው። መኪናው ውስጥ ብስኩት የሰጣት እጅ ያው ነው። ለስንት ዓመት እንጀራዋን ስትበላ የኖረችው ከዚህ ሰው ጋር ነው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። አሁን ገባት።

በማግስቱ ጠዋት ከጣቢያው በር ላይ ቆማ ወንድሟን ጠበቀችው። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ፈርሞ ሲያበቃ «ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እኔ አልነገርኩትም። ካንቺ ቢሰማ ይሻላል» ብሏታል።

ዑመይር ወጣ። ከስቷል። አቀፋት፤ ጸጉሯ ላይ ሳማት።

«ቪዲዮው ተገኘ አሉ።»

«ተገኘ።»

«ስትከፍቺው ምን ይታያል ብለሽ ነበር?»

ልትዋሸው አልቻለችም። «ያን ማታ ሸሚዝህን ስታጥብ አይቼህ ነበር።»

ዑመይር መሬት መሬት አየ። «የእማዬ ስጦታ ነው። በበሬ ደም አበላሸኸው ብላ እንዳትቆጣኝ ነበር።» ከዚያ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ቅር ያለው ሳቅ ነበር። «አንቺም ጠርጥረሽኛል ማለት ነው። ምንም አይደል። ሁሉም ጠርጥሮኛል። እማዬ እንኳ ስትመጣ ዓይን ዓይኔን እያየች 'እውነቱን ንገረኝ' ነው የምትለኝ።»

በእጁ የያዘውን አነሳላት። ያ ባለሁለት ድርቡ ምሳ ዕቃ ነው። በንጹሕ ታጥቧል፤ ክዳኑ በጨርቅ ታስሯል።

«ይኼን ለጋሽ ሙዝደሊፋ አድርሺልኝ። ውለታውን አልረሳውም በይው። ከሰው ሁሉ መካከል አንድ ቀን እንኳ 'አድርገሃል ወይ?' ብሎ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።»

መሕቡባ ምሳ ዕቃውን ከእጁ ተቀበለችው። ባዶ ነው፤ ግን ከበዳት።

«ና» አለችው፣ ክንዱን ይዛ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ድንጋይ እየወሰደችው። «መጀመሪያ ቁጭ በል።»